የጭነት ቋጠሮ

ሚስቴ መጀመሪያ ያመጣችው ጣውላ ነበር። ርዝመቱ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ጫፎቹ የተሞረዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ የለሰለሰ ጣውላ። አልጋዬ ላይ አስቀመጠችውና፣ “ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ በዚህ ላይ እየተንሸራተትክ ትሻገራለህ” አለችኝ።

“እስከ ዛሬ በምን ስሻገር ነበር?”

“በእኔ ወገብ” አለች።

እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳችኝም ያስቀመጠችኝም እሷ ናት። እኔ ግን ያን ቀን ጣውላውን እንጂ ወገቧን አላየሁም። በልቤ “ይህች ሴት ምን አስባ ነው?” አልኩ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ከበርበራ ወደብ ጭኜ፣ በሀርጌሳና በቶጎ ውጫሌ አድርጌ ወደ ኢትዮጵያ እመላለስ ነበር። የወሎ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ሀርጌሳ ያስቀረኝ መንገዱ ነው። አንድ ቀን በርበራ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጭነቱ ላይ ወጥቼ የሸራውን ገመድ ስወጥር ወደቅሁ። መውጣት የነበረበት ረዳቴ ነው፤ የእሱን አስተሳሰር ስላላመንኩ ራሴ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ አይታዘዘኝም። የሆነ ነገር ጨብጬ ለጥቂት ደቂቃ መቆም እችላለሁ፤ መራመድ ግን የለም። ሐኪሙም “ክንድህ ጤነኛ ነው፣ ክንድህን ተጠቀምበት” ብሎ ሸኘኝ።

ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሽንት ቤቱ ከበራችን አሥር እርምጃ ያህል ነው፣ ለሚራመድ ሰው። ሚስቴ ቤተሰቦቿ የሀርጌሳ ሰዎች ቢሆኑም ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ከወደቅሁ ወዲህ ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምታኖረን እሷ ናት። አከራያችን አንድ ሁለቴ ጎረቤት ወንዶች ጠርታ ልታግዛት ፈልጋ ነበር። እኔ “ወላሂ ከሚስቴ በቀር ማንም አይነካኝም” ብዬ ማልኩ። ያን ጊዜ ለክብሬ የማልኩ መስሎኝ ነበር።

ጣውላውን ለምን እንዳመጣችው አልደበቀችኝም። ያኑ ቀን ሻይ ቀዳችልኝና ከጎኔ ተቀመጠች።

“አባቴ ታሟል” አለችኝ። “ድሬ ሄጄ ላየው እፈልጋለሁ። ሦስት ቀን ብቻህን መሆን ከቻልክ ይበቃኛል። ካልቻልክ አልሄድም።”

ይህ በጤነኛ ጆሮ ሲሰማ ምንም የማያስጠረጥር ነገር ነው። ግን አማቴ እኔ ካወቅኋቸው ጀምሮ “ልሞት ነው” ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በሰርጋችን ዕለት እንኳ “እንግዲህ ዳግመኛ አንተያይ ይሆናል” ብለው ሁላችንንም አስለቅሰው፣ በማግስቱ ከማንም ቀድመው ተነስተው ጫት ፍለጋ ወጥተዋል። በዚያ ላይ በዚያው ሰሞን ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ የድሮ ባልደረባዬ፣ እንደ እኔ ስለተጎዳ ሹፌር አውርቶልኝ ነበር። የዚያ ሰው ሚስት ለእህቷ ሰርግ ሦስት ቀን ብላ እንደሄደች ይኸው ሁለተኛ ረመዳን ሊገባ ነው። ባልደረባዬ ይህን ተናግሮ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። “ሦስት ቀን” የሚለው ቃል ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ሹፌር ሲባል ተጠራጣሪ ነው። ጎማውን በእግሩ መትቶ ድምፁን ሳይሰማ አይነሳም፤ መካኒኩ “አለቀ” ያለውን ብሎን እንደገና ያጠብቃል። “ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር” ይሉኝ ነበር በረዳትነት ያሳደጉኝ ሹፌሮች። መንገድ ላይ ነፍሴን ደጋግሞ ያተረፈ ጠባይ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሹፌር ግን የሚፈትሸው ጎማ ስለሌለው ሚስቱን ይፈትሻል።

ከጣውላው ቀጥሎ የገመድ መሰላል መጣ። የተሠራው መኪናውን ለባለቤቱ ስመልስ ካስቀረሁት ከራሴው ገመድ ነው። በመካከሉ አራት አጫጭር የመጥረጊያ እንጨቶች እንደ እርከን ገብተውበታል። አንደኛው ጫፍ ግርጌ ካለው የአልጋው ብረት ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ደረቴ ላይ ይደርሳል። በጀርባዬ ተኝቼ እርከኖቹን አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ራሴን ስቤ እንድቀመጥ ነው። ከዚያ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫው በክብ ተቆርጦ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ላይ ተቀመጠ። ለበራችን ደፍ የሲሚንቶ ተዳፋት ተሠራለት። አልጋው አጠገብና ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ እየጨበጥኩ የምቆምበት የውሃ ቧንቧ ተተክሎ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ።

በመጨረሻ ደወሉ መጣ። ገበያ ላይ ለበር ተብሎ የሚሸጥ፣ ሽቦ የሌለው ደወል ነው። መጫኛውን በክር አድርጋ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው፤ የሚጮኸውን ደግሞ አከራያችን ሳሎን ሰካችው። ስጫነው የወፍ ዜማ ያሰማል። ለሙከራ ስጫነው የግቢው ልጆች “ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ!” ብለው ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

“ለምን እሷ ቤት?” አልኳት በኋላ።

“እኔ ሳልኖር እንድትሰማህ።”

እኔ ሳልኖር አለች። ሳቄ እዚያው አለቀ።

ይህን ሁሉ የሚሠራላት አሕመድ ዳጋህ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሚሠራ አንድ በያጅ ነው። እሱም አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ ነው። ልጅነቱን ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ስላሳለፈ አማርኛ ይናገራል። የውጭውን ዕቃ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይሄዳል። አሮጌ አልጋ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የወላለቀ ብስክሌት ይዘውለት ይሄዱና ሰው የሚያስነሳ ወይም የሚያስቀምጥ ነገር አድርጎ ይመልስላቸዋል። ደግ ሰው ነው። ደግነቱም አላማረኝም። ቧንቧውን ሊተክል የመጣ ቀን ሚስቴ ከእሱ ጋር በሶማልኛ ስታወራ ትስቅ ነበር። የእኔ ሶማልኛ ኬላና ሻይ ቤት ላይ ያልቃል።

ስልክ ስታወራም ደጅ መውጣት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ለምትኖረው እህቷ በአማርኛ ስትናገር በደንብ ሰማኋት። “ብቻውን መነሳት የቻለ ዕለት እሄዳለሁ” አለቻት። ለእኔ ከነገረችኝ የተለየ ነገር አይደለም። እኔ ግን “እመለሳለሁ” አለማለቷን ያዝኩ። እሷ መሄጃዋን ከእኔ መነሳት ጋር ካሰረችው፣ እኔም አለመነሳት እችላለሁ አልኩ።

ክንዴ ግን አልሰማኝም። አንድ ጠዋት የሰፋችውን ልብስ ልታደርስ እንደወጣች ገመዱን ጨበጥኩት። መጀመሪያው እርከን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛውን ስይዝ ተቀምጬ ነበር። ለሁለት ዓመት ጣሪያ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጦ የቤቱን ግድግዳ ፊት ለፊት ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመናገር ይከብደኛል። አለቀስኩ። ከዚያ በጣውላው ተንሸራትቼ ዊልቸሩ ላይ ገባሁ፤ ትንሽ ዞርኩበትና ተመልሼ ተኛሁ። ስትመጣ እንደተወችኝ አገኘችኝ።

“ዛሬስ ሞከርክ?” አለችኝ።

“ሞከርኩ፣ አልሆነም” አልኳት። ፊቷ ጠቆር አለ፤ ሻርፗን ፈትታ ወደ ምድጃው ሄደች።

ከዚያ ወዲያ እሷ በወጣች ቁጥር እነሳ ነበር። በየቀኑ ስለማመድ ክንዴ ጠነከረ፣ ቧንቧውን ጨብጬ መቆምም ለመድኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ በራሴ ኃይል የሄድኩበት የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሽንት ቤትም ወደ ፀሐይም አልነበረም። ሚስቴ ሰሞኑን አንድ ሻንጣ ገዝታ ከቁም ሳጥኑ ጎን አስቀምጣለች። ዊልቸሩን እየገፋሁ ወደዚያ ሄድኩና ከፈትኩት። ከላይ ሁለት ቀሚስ፣ ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ አዲስ የወንድ ሽርጥ። ዘርግቼ ለካሁት። ጠርዙ በእሷ ስፌት ተቀምቅሞ ለአጭር ሰው እንዲሆን ተደርጓል። እኔ ረጅም ነኝ። በያጁ አጭር ነው።

እንደነበረ አጣጥፌ መለስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽርጡ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እንዳልጠይቃት ደግሞ “እንዴት አየኸው?” ትለኛለች። ራሴ ባጠመድኩት ወጥመድ ገብቼ፣ ምግብ ስታቀርብልኝ እጇን፣ ስትስቅ አፏን ስመለከት እውል ጀመር።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ገመዱን ስስብ ላላብኝ። ሚስቴ የምታስረው የጆንያ አፍ እንደሚታሰር ደራርባ ነው፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይላላል። እንደምንም ከተቀመጥኩ በኋላ ወደ ግርጌ ጎንበስ ብዬ ፈታሁት፣ አጥብቄም አሰርኩት። እንዴት እንዳሰርኩት አላስተዋልኩም፤ ያሰረው እጄ ነው። ከዚያ ወዲህ አልላላብኝም፣ እኔም ረሳሁት።

ወደ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በያጁ የሠራው ዕቃ እንዴት እንደሆነ ሊያይ መጣ። “ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ተነስና ልይህ” አለኝ። ገመዱን ያዝኩና እያቃሰትኩ ግማሽ ላይ ወደቅሁ። ሚስቴ ከበሩ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። እሱ ቧንቧው አጠገብ ሄደ፣ ሰማያዊው ቀለም በእጅ ብዛት የለቀቀበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

“ቀለሙ ቶሎ ለቀቀ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ በአማርኛ። “ችግር የለም። እኔም እግሩን የገጠሙልኝ ጊዜ እናቴ ስታይ አልራመድም ነበር።”

አይኔን ከአይኑ አሸሸሁ። ሲወጣ ሊነግራት ነው ብዬ ጆሮዬን ወደ ደጅ ጣልኩ። የሰማሁት ስንብት ብቻ ነው፤ አልነገራትም። እሱም አልነገራትም ብዬ እፎይ አላልኩም፣ “ለምን ደበቀልኝ?” ብዬ ደግሞ ጠረጠርኩ።

ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሚስቴ ስልኳን እንደያዘች ከደጅ ገባች።

“ወንድሜ ነው የደወለው። አባቴ ምግብ ትቷል።”

እኔም የለመድኩትን አልኩ። “እኔንስ ለማን ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?”

ወደ አልጋው ግርጌ ሄዳ ተቀመጠችና ቋጠሮውን ያዘች። የተሸጎጠውን ጫፍ በአንድ ጣቷ ሳብ ስታደርገው ገመዱ ተፈቶ ወደቀ።

“ይኼን ማን አሰረው?” አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። የጭነት ቋጠሮ ነበር። ገመዱን በራሱ ላይ ጠምዝዘህ ቀለበት ታወጣለህ፣ ጫፉን በብረቱ ሥር አዙረህ በቀለበቱ ታሾልከዋለህ፣ ወደ ታች ስበህ ትወጥረዋለህ፣ የተረፈውን አጥፈህ ትሸጉጠዋለህ። ሙሉ ጭነት ይዞ ከበርበራ ቶጎ ውጫሌ ይደርሳል፤ ሲፈታ ግን አንድ ጣት ይበቃዋል። እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ቋጠሮ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ሚስቴ እንደተጋባን ሰሞን አብራኝ በመኪና ስትሄድ ላስተምራት ሞክሬ፣ እየሳቀች እምቢ ብሏት የቀረ ነው።

“ሦስት ሳምንት ሆነው” አለች። “ቤት በጠረግሁ ቁጥር አየዋለሁ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ስል ከረምኩ።”

በዚህ ጊዜ ሰው የሆነ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ የጠየቅሁት ግን “ሻንጣሽ ውስጥ ያለው ሽርጥ የማነው?” ብዬ ነው።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ “ተነስተህ የሄድከው ሻንጣዬ ጋ ነው?” አለች። “የአባቴ ነው። የማን ይሆናል?”

አማቴ አጭር ናቸው። ሰርጋችን ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የተሳለምኳቸው። ይህ ለምን ቀድሞ እንዳልታየኝ ዛሬም አላውቅም።

የተፈታውን ገመድ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። “እያየሁህ እሰረው” አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩት። ሁለቴ ነው የሞከርኩት። ሻንጣዋን ይዛ፣ ለአከራያችን አንድ ሁለት ነገር ነግራ፣ በዚያው ቀን በቶጎ ውጫሌ መንገድ ሄደች። እመለሳለሁ አላለችም። እንድትል የመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

ብቻዬን ሆንኩ። ሦስቱን ቀን ቻልኩት። ገመዱ ይሠራል፣ ጣውላው ይሠራል፣ ያ የተቆረጠ ወንበር ሳይቀር እንደ ንጉሥ ዙፋን ይሸከመኛል። ደወሉን አንዴም አልተጫንኩትም፤ አከራያችን ግን “ተበላሸ እንዴ?” እያለች መጥታ ታየኝ ነበር። ሚስቴ እንደደረሰች አንዴ ደወለች፣ ከዚያ ስልኳ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ወንድሟ ደውሎ “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣ አባታችን አረፉ” አለኝ። ሚስቴን እንዲያገናኘኝ ስጠይቀው “አሁን መናገር አትችልም” አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። “ከእንግዲህ ምን ልትሠራ ትመለሳለች?” እል ነበር። ሲጠረጥር ለኖረ ሰው ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። የአሁኑ ግን ከድሮው ይለያል፤ ባትመለስ ልክ ናት። “ሌባ እናት ልጇን አታምንም” ሲሉ ሰምቼ ስቄ አውቃለሁ። ስትዋሸኝ ላገኛት ስፈልግ ከረምኩ፤ ሲዋሽ የነበረው ግን እኔ ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ በተዳፋቱ ወርጄ ደጃችን ላይ ዊልቸሬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የግቢው በር ተከፈተና ገባች። እኔን ፀሐይ ላይ ስታየኝ ሻንጣዋን እንደያዘች ቆመች።

“ብቻህን ነው የወጣኸው?”

“ብቻዬን” አልኳት። “የማትመጪ መስሎኝ ነበር።”

“የት ልሄድ? ቤቴ እኮ ነው” አለችና አልፋኝ ገባች።

ተከትያት ገባሁ። ሻይ ጣድኩላት፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፣ ስኳሩ በዛ። እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ ራሷ ነገረችኝ።

“ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር። ወንድሜን ‘ይህች ሴት የማን ልጅ ናት?’ ብሎ ጠየቀው።” ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች። “ከሦስት ሳምንት በፊት ግን በየቀኑ ‘መቼ ነው የምትመጣው?’ ይል ነበር አሉኝ።”

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ይቅርታ አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በጣም ትንሽ ነበር። “እኔም ያየሁ ዕለት መናገር ነበረብኝ” አለች። “አንተ እስክትነግረኝ መጠበቄ ምን ይባላል?” ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ ሽርጡን አወጣች። ላስቲኩ እንዳለ ነው።

“አልለበሰውም” አለች። “አንተ ልበሰው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የምለብሰው እሱን ነው። ያጥረኛል፤ ከጉልበቴ ብዙ አይወርድም። ጠዋት ጠዋት ገመዱን ስቤ ስቀመጥ መጀመሪያ የማየው የእሷን ቅምቅማት ነው። ቅምቅማቱን ፈትታ ልታረዝመው ትችላለች፣ ሥራዋ ነው። ላርዝምልህ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።